ግንበኛው ቢቨር ቤት መሥራቱን ትቶ ዋሻ ሲገባ

ቢቨርን ስሙን ባታውቁት እንኳ ቪዲዮውን ሳታዩ አልቀራችሁም። ያ ብርቱካናማ ጥርስና ጠፍጣፋ ጭራ ያለው፣ ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ የሚጥለው፣ እየጎተተ ወስዶም ወንዝ የሚገድበው እንስሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የዓለም ሚዲያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ብርዲ በሚባል ጥብቅ ስፍራ፣ የደረቀውን ረግረግ ለመመለስ ትናንሽ ግድቦች እንዲሠሩ ታቅዶ ነበር። ፕሮጀክቱ ግን ለዓመታት ተጓተተ። በዚህ መሃል ቢቨሮች መጡና ግድቦቹን ራሳቸው ሠሯቸው። ለመንግሥት 30 ሚሊዮን የቼክ ኮሩና፣ ማለትም ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር አተረፉለት ተባለ። ዲዛይን የለ፣ ጨረታ የለ፣ ኮሚቴ የለ! የግድብ ነገር ለኛ የቤት ወሬ ስለሆነ፣ ዜናውን እየሳቅን ነበር ያነበብነው።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለዚህ ግንበኛ ሌላ ጠባይ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ቢቨር እንጨት ከምሮ ቤት አይሠራም። ጭቃ አያመላልስም፣ ጉድጓድም አይቆፍርም። በቃ እየዋኘ ከአለት ሥር ወዳለ ዋሻ ይገባና እዚያው ይተኛል።

ዋሻ የሚያስሱ ሰዎች የራስ ባትሪያቸውን አብርተው ወንዝ የሚፈስበት ዋሻ ውስጥ ሲገቡ፣ ልጡ ተላጦ የነጣ እንጨት ተከምሮ ያገኛሉ። ጨለማ ውስጥ ዛፍ አይበቅልም። ታዲያ ማን አመጣው? መልሱ እንጨቱ ጫፍ ላይ አለ፦ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፣ የሰፋፊ ጥርሶች ምልክትም ታትሞበታል። ቢቨር!

ለምን ዋሻ መረጠ? ይህስ ለኛ ምናችን ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ ተከትለን ስንሄድ የምንጠጣው ውሃ ጋ እንደርሳለን። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ቢቨር በእርግጥ ምን ይፈልጋል?

አፍሪካ ውስጥ ቢቨር የለም። በዓለም ላይ ያሉት ሁለት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በአውሮፓና በእስያ፣ ሌላው በሰሜን አሜሪካ ይኖራል። ከአይጥ ወገን ነው። በትልቅነት የሚበልጠው ቲክቶክ ላይ ዝነኛ የሆነው ካፒባራ ብቻ ነው። የደረሰ ቢቨር 20 ኪሎ አልፎ 30 ኪሎም ሊመዝን ይችላል።

ብዙ ሰው ዓሣ የሚበላ ይመስለዋል። አይበላም። ምግቡ የዛፍ ልጥ፣ ቅጠል፣ ቀንበጥና የውሃ ዳር ተክል ነው። የፊት ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ብርቱካናማ ያደረገው ጥርሱን የሚያጠነክረው ብረት ነው። ከንፈሩ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ መገጣጠም ስለሚችል፣ ውሃ ሥር ሆኖም ውሃ ሳይውጥ እንጨት ይገዘግዛል። ትንፋሹን ይዞ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ውሃ ውስጥ መቆየት ይችላል።

አሁን ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፦ ግድቡ ቤቱ አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ቢቨር ውሃ ውስጥ ፈጣን ነው፣ የብስ ላይ ግን ቀርፋፋ። ተኩላና ድብ በቀላሉ ይይዙታል። ስለዚህ የቤቱ በር ውሃ ሥር መሆን አለበት። ጠልቆ ይገባል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ከውሃው ከፍ ያለ ደረቅ ክፍል ላይ ይተኛል። ተኩላ ውጭ ሆኖ ቢያሸተውም መግቢያውን አያገኘውም። ችግሩ ትንንሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ውሃው ሲጎድል በሩ ይጋለጣል። ግድቡ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ወንዙን ገድቦ ውሃውን ከፍ ያደርገዋል፣ በሩም ሁሌ ተሸፍኖ ይቆያል።

ውሃው በተፈጥሮ ጥልቅ የሆነበት ትልቅ ወንዝ ላይ ግን ቢቨር ጭራሽ አይገድብም። የወንዙን ዳር ከውሃ በታች ጀምሮ ሽቅብ ይቦረቡረዋል፤ ቤቱ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ሙከራ እናንሳ። ላርስ ዊልሰን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ የሚፈስ ውሃ ድምፅ በስፒከር ለቢቨሮች አሰማ። ቢቨሮቹ ምን አደረጉ? ስፒከሩ ላይ እንጨትና ጭቃ ከመሩበት! የውሃ ድምፅ ሲሰሙ ‹‹የሆነ ቦታ ውሃ እያመለጠ ነው፣ ይደፈን›› የሚል ስሜት አብሯቸው የተወለደ ይመስላል። ይህን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለዚህ የቢቨር የቤት መስፈርት አጭር ነው፦ በሩ ላይ ጥልቅ ውሃ፣ ውስጡ ደረቅ ወለል፣ አዳኝ የማይደርስበት፣ ለምግብ ቅርብ። እንጨቱም ጭቃውም ይህን ለማግኘት የሚደረግ ልፋት ነው። ይህንን ሁሉ ያሟላ ቤት ተሠርቶ ቢጠብቀውስ?

አለቱ የሠራው ቤት

ካርስት የሚባል የመሬት ዓይነት አለ። ስሙ የመጣው ከስሎቬኒያና ከጣሊያን ድንበር ላይ ካለው ክራስ ከሚባል አካባቢ ነው። ካርስት ማለት በውሃ ሊሟሟ የሚችል ድንጋይ፣ በተለይ የኖራ ድንጋይ፣ ለረጅም ዘመን በውሃ እየተበላ የተቦረቦረበት መሬት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ቡልቅ የሚለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የዝናብ ውሃም ከአየር፣ ከዚያም ይበልጥ ከአፈር ውስጥ፣ ይህንኑ ጋዝ ይዞ ይወርዳል። ውሃና ጋዙ ሲገናኙ ደካማ አሲድ ይሆናሉ። አሲዱ የኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና በጣም በዝግታ ያሟሟዋል። በሺዎችና በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ፀጉር የምታህለዋ ስንጥቅ ቱቦ ትሆናለች፣ ቱቦው ዋሻ ይሆናል።

ለዚህ ነው ካርስት አገር ላይ ወንዞች ግራ የሚያጋቡት። ወንዙ እየፈሰሰ ድንገት መሬት ውስጥ ይጠፋል። ከኪሎሜትሮች በኋላ ደግሞ ከአለት ሥር ገንፍሎ ይወጣል። ሩቅ ሳትሄዱ ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ አስቡት። የዌብ ወንዝ ተራራው ሥር ይገባል፣ በዓምዶቹ መሃል ይጓዛል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው መተላለፊያዎች ተደምረው ከ15 ኪሎሜትር በላይ ይረዝማሉ። ካርስት ምን እንደሆነ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

እንግዲህ ወንዝ ከዋሻ የሚወጣበትን ቦታ በቢቨር ዓይን እዩት። በሩ ላይ ጥልቅ ውሃ አለ። ውስጥ ገባ ሲባል ከውሃው ከፍ ያለ የአሸዋ፣ የጭቃ ወይም የድንጋይ መደብ አለ። ጣሪያውና ግድግዳው አለት ነው። ዝናብ አያስገባ፣ ድብ አያፈርሰው። ኪራይ የለ፣ ሲሚንቶ የለ። ልክ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ማለት ነው!

የዋሻዎቹ ግዛት

ይህ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ያለችው የሚዙሪ ግዛት ናት። ሚዙሪ ከ7,000 በላይ የተመዘገቡ ዋሻዎች ስላሏት ‹‹የዋሻዎች ግዛት›› ይሏታል። በደቡብ በኩል ያለው የኦዛርክ ደጋ ካርስት ነው። ምንጮቹ ትንንሽ አይደሉም፤ ከአለት ሥር አንድ ሙሉ ወንዝ ሆነው የሚወጡ አሉ።

የዚያ አገር ቢቨሮች ድሮም አብዛኞቹ የእንጨት ቤት ሠሪዎች አይደሉም። ወንዞቹ ዝናብ ሲጥል ድንገት ሞልተው ያለውን ሁሉ ጠርገው ስለሚሄዱ፣ የወንዝ ዳር ቦርቡሮ መኖር ነው የሚያዋጣው። የወንዙ ዳር አፈር ሳይሆን አለት ከሆነስ? መቆፈር አይቻልም። ነገር ግን አለቱ ራሱ ቀዳዳ አለው። እዚያ ይገባሉ።

ጨለማው አይከብዳቸውም ወይ? አይከብዳቸውም። የቢቨር ቤት የትም ይሁን የት ውስጡ ጨለማ ነው። ሥራውም በአብዛኛው ማታ ነው። ዓይኑ ያን ያህል አይደለም፤ የሚተማመነው በአፍንጫው፣ በጆሮው፣ በፂሙና በእጁ ነው። ሙቀቱም ይመቸዋል። የዚያ አካባቢ ዋሻዎች ጥልቀት ላይ በጋ ሆነ ክረምት ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ናቸው። ውጭ በረዶ ሲሆን ውስጥ ይሞቃል፣ ውጭ ሲያነድ ውስጥ ይቀዘቅዛል።

ግን ቢቨር የዋሻ እንስሳ ሆነ ማለት አይደለም። ተመራማሪዎች ዋሻ ውስጥ የሚገኙ እንስሳትን ይከፍሏቸዋል፦ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው የሚኖሩ አሉ፣ እየገቡ እየወጡ የሚኖሩም አሉ። የሌሊት ወፍ ከሁለተኛው ወገን ናት። ቢቨርም እንደዚያው ነው። ቤቱ ውስጥ ቢሆንም ጓዳው ውጭ ነው፤ ራት ለመብላት ወደ ዛፎቹ መውጣት አለበት። ስለዚህ ብዙም ጠልቆ አይርቅም።

አደጋም አለው። የዋሻ ውሃ ሲሞላ የሚያመልጡበት ሜዳ የለም። ውጭ ያለ ወንዝ ሲሞላ ወደ ጎን ይሰፋል። ዋሻ ውስጥ ግን መስፊያ ስለሌለው ወደ ላይ ብቻ ነው የሚነሳው። ደረቁ መደብ በሰዓታት ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ነፃ ቤት ብሎ ነገር የለም መቼስ።

ዋሻን ቤቱ ወይም ጓዳው ያደረገ ትልቅ እንስሳ ቢቨር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ኤልገን ተራራ ላይ፣ ዝሆኖች ኪቱም በሚባል ዋሻ ጨለማ ውስጥ በኩምቢያቸው እየዳበሱ ይገባሉ፤ ግድግዳውን በጥርሳቸው እየፋቁ ጨው ለመብላት ነው። ያ ዋሻ ካርስት አይደለም፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ነገሩ ግን ያው ነው፦ እንስሳ የሚያስፈልገውን ያውቃል፣ ባገኘበት ይጠቀማል።

ሊጠፋ ሲል የተመለሰው

‹‹ታዲያ ይህን ነገር ድሮ ለምን አልሰማንም?›› ብላችሁ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ቢቨር ራሱ ጠፍቶ ስለነበር ነው።

ፀጉሩ ለኮፍያ ይፈለግ ነበር። ከጭራው ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው ጠረን ያለው ፈሳሽ ደግሞ ለመድኃኒትና ለሽቶ። ለዘመናት ታደነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአውሮፓና በእስያ የቀሩት ቢቨሮች በግምት 1,200 ብቻ ነበሩ። በሰሜን አሜሪካም በብዙ ሚሊዮን ይቆጠር የነበረው እንስሳ ከሰፊ አካባቢዎች ጠፋ።

ከዚያ ሰዎች መመለስ ጀመሩ። አንዳንዱ መንገድ ለማመን ይከብዳል፦ በ1948 አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ 76 ቢቨሮች በሳጥን ሆነው በፓራሹት ከአውሮፕላን ተጣሉ። አንዱ ብቻ ሲሞት ሌሎቹ ደህና አረፉ። ዛሬ በአውሮፓና በእስያ ያሉት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ካርስት የሚለው ቃል ወደተወለደባት ስሎቬኒያም ተመልሰዋል። ከ1996 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ጎረቤቷ ክሮኤሺያ ከጀርመን ባቫሪያ ቢቨሮች አምጥታ ለቀቀች። ቢቨር ድንበር አያውቅም፤ ወንዝ ለወንዝ እየዋኙ በ1998 ስሎቬኒያ ውስጥ ክርካ ወንዝ ደረሱ። ክርካ የካርስት ወንዝ ነው፤ ሙሉ ሆኖ ከዋሻ አጠገብ ይፈልቃል። የሚገርመው ደግሞ ወንዙ ራሱ ግድብ ይሠራል። ውሃው ከአለቱ ያሟሟውን ኖራ ተሸክሞ ይመጣና እያራገፈ፣ በጊዜ ብዛት የድንጋይ ደፍ ይሠራል። ግንበኛው ወንዝና ግንበኛው ቢቨር ተገናኙ ማለት ነው።

ቢቨር ወደ ካርስት አገር በተመለሰ ቁጥር፣ ከሥሩ ያለውን ዓለምም ያንኳኳል። ቀጣዩ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ እዚያ ማን ይኖራል?

ጨለማው ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች

ዋሻ ውስጥ ፀሐይ የለም። ፀሐይ ከሌለ ተክል የለም። ተክል ከሌለ ምግብ ከየት ይመጣል? ከውጭ። ጎርፍ የሚያስገባው ቅጠል፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ ገብቶ የሞተ እንስሳ። የዋሻ ውስጥ ነዋሪዎች የሚኖሩት በዚህ ፍርፋሪ ነው።

ስሎቬኒያ ውስጥ ኦልም የሚባል ዓይኑ የማያይ፣ ቆዳው የሰው ቆዳ የሚመስል የውሃ እንስሳ አለ። ድሮ ጎርፍ ከዋሻ አውጥቶ ሲጥለው ሕዝቡ የዘንዶ ልጅ ነው ይል ነበር። ይህ ፍጡር ያለ ምግብ ለዓመታት መቆየት ይችላል። በኦዛርክ ደግሞ ዓይነ ስውር ዓሣ አለ። እነዚህ ሁሉ ትንሽ በልተው፣ በዝግታ አድገው፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ናቸው።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቢቨር እንጨት፣ ልጥና ኩስ ይዞ ሲገባ ድግስ እንደ መደገስ ነው። እንጨቱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፣ ሻጋታውን ነፍሳት ይበላሉ፣ ነፍሳቱን ሌላው ይበላል። መጠኑ ልክ ከሆነ ጥሩ ነው። ከበዛ ግን ብስባሹ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለችግር የተፈጠሩትን ትንንሽ ነዋሪዎች ደግሞ ምግብ ሲበዛ ከውጭ የሚመጡ ዝርያዎች ያሸንፏቸዋል። ድግሱ ለባለቤቶቹ መፈናቀያ ይሆናል።

ግድብ ሲጨመርበት

አሁን ያ ስፒከር ላይ የተከመረውን ጭቃ አስታውሱ። ቢቨር የሚፈስ ውሃ ሲሰማ መድፈን ያምረዋል። ምንጭ ከዋሻ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ውሃ የሚጮህበት ነው።

ቢቨር ከምንጩ ዝቅ ብሎ ቢገድብ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። በሌላ ቦታ ቢሆን ሜዳ ላይ ኩሬ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን ኋላ ያለው ዋሻ ነው። ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ሙሉ በሙሉ በውሃ ይዘጋል። የሌሊት ወፎች የሚበሩበት መንገድ ሊጠብ ይችላል። ሰው የሚያልፍበትም እንዲሁ። ወንዙ ይፈስበት የነበረ ጠጠር በደለል ይሸፈናል።

ተቃራኒውም አለ። ካርስት ላይ የተሠራ ኩሬ ከሥሩ ስንጥቅ ካገኘ ልክ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሳህን ማጠቢያ ይፈስሳል። ቢቨሩ ቢገድብ ቢገድብ ውሃው ከታች ያመልጠዋል። ኩሬው ከቆየ ደግሞ ከሥሩ የሚበሰብሰው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቅድም ያልነው አሲድ ማለት ነው፤ ድንጋዩን ሊበላው ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ቢቨሩን ማባረር ነው? ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ግድቡን ስታፈርሱ በማግስቱ መልሶ ይሠራዋል፣ የውሃው ድምፅ ይጠራዋላ! የተሻለው ዘዴ ግድቡን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቱቦ መቅበር ነው። የቱቦው መግቢያ ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ በሽቦ ቅርጫትም ይታጠራል። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ሾልኮ ይሄዳል፣ ከተፈለገው በላይም አይሞላም። ቢቨሩ ግድቡን ይዞ ይቀመጣል፣ ዋሻውም አይሰጥምም። ሁለቱም አሸነፉ።

ይህ ለኛ ምናችን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ተራ መሬት፣ አሸዋና አፈር ያለበት፣ ልክ እንደ ጠላ ማጥለያ ነው። ዝናቡ በዝግታ ሲሰርግ ቆሻሻው ይቀራል፣ ውሃው ይጠራል። ካርስት ማጥለያ አይደለም። ክፍት ቧንቧ ነው። ላይ የገባው ነገር ሳይጣራ፣ አንዳንዴ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ፣ ሌላ ቦታ በምንጭ ይወጣል። ከዓለም ሕዝብ ደግሞ በግምት ከአሥር አንዱ የሚጠጣው ከካርስት የሚወጣ ውሃ ነው።

ጃርዲያን የማያውቅ አለ? ሆድ ነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞ ክሊኒክ የሄደ ሁሉ ስሙን ሰምቷል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በሽታ ‹‹የቢቨር ትኩሳት›› እያሉ ይጠሩታል። ጥርት ያለ የተራራ ውሃ ጠጥተው የታመሙ ሰዎች ጣታቸውን ቢቨር ላይ ቀሰሩ። እውነት ነው፣ ቢቨር ጃርዲያ ሊሸከም ይችላል። ግን ሰውም፣ ከብትም፣ ውሻም ይሸከማል። ቢቨሩ ራሱ ከሰው ወይም ከከብት ቆሻሻ ሊይዘው ይችላል። ስሙን የተሸከመው እሱ ነው እንጂ ጥፋቱ የጋራ ነው።

በ2000 ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ተመልከቱ። ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ፣ በተሰነጣጠቀ አለት አድርጎ የከተማዋ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ታመሙ። ቢቨር በዚያ ታሪክ ውስጥ የለም። አለቱ ግን የሚሠራው ሥራ ያው ነው፤ የሰጡትን ያሳልፋል።

እዚህም ቤት ይህን የምናውቅበት መንገድ አለን። ትግራይ ውስጥ፣ መቀሌ ዙሪያ፣ ለመስኖ ተብለው ከተሠሩት አነስተኛ ግድቦች መካከል የኖራ ድንጋይ ላይ ያረፉት አንዳንዶቹ ውሃ መያዝ አቅቷቸዋል። ክረምት ይሞላሉ፣ ከዚያ ውሃው ከሥር በስንጥቅ ሾልኮ ይሄዳል። ልክ እንደዚያ ምስኪን ቢቨር! ደስ የሚለው ጎኑ፣ የሾለከው ውሃ አልጠፋም። ከግድቦቹ በታች ባሉ ቦታዎች ምንጭ ሆኖ ወጥቶ አርሶ አደሮች መስኖ አልምተውበታል። ላይ የጠፋው ታች ተገኘ።

በአጭሩ

ዋሻ የገባው ቢቨር የሚያሳየን ነገር አንድ ነው። ካርስት አገር ላይ መሬቱ ሁለት ፎቅ ያለው አንድ ቤት ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ የተቆረጠው ዛፍ ታችኛው ፎቅ ላይ ያለውን ዓይነ ስውር ዓሣ ይመግባል፣ ወይም ያፍነዋል። ታች ደጃፍ ላይ የተሠራው ግድብ የጓዳውን ጣሪያ በውሃ ይሞላል። ቢቨሩ በጥርሱ ተሸክሞ የሚያስገባው ነገር ይታየናል፣ እንጨት ነውና። እኛ ሳናየው የምናስገባው ግን ይበልጣል፦ መሬት ተደርምሶ የተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የምንደፋው ቆሻሻ፣ የሞተ ከብት፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የእርሻ መርዝ።

ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ሁለት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ‹‹መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ›› የሚባል ነገር የለም። የጣላችሁት ነገር መጨረሻ አለው፤ ምናልባት ከታች ያለው መንደር ምንጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአለት ሥር የሚወጣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ የግድ ንፁህ አይደለም። ጥራት ሌላ፣ ንፅህና ሌላ። አፍሉት፣ ወይም አክሙት፣ ከዚያ ጠጡት።

ቢቨሩ እንኳ ቤት ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ውሃውን ነው።

እናንተ አካባቢስ ወንዝ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት ወይም ከአለት ሥር ድንገት የሚፈልቅበት ቦታ አለ? ስሙንና ሰዉ ስለሱ የሚያወራውን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ፎቶ ካላችሁም ላኩልን። ከዚያ ምንጭ ውሃ የሚቀዳ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉለት።